ምዕራፍ ስድስት፦ ክረምት፣ ፋብሪካና ተለማማጅ

ኢሉባቦር ከአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎሬ ላይ ጭጋጉ ሳይገለጥ ይረፍዳል፤ ተገለጠ ሲባል ደግሞ የከሰዓት በኋላው ዝናብ ይተካል። ከከተማው ብዙም ሳይርቅ የጉማሮ ሻይ ልማት አለ። ከ800 ሄክታር በላይ የሚሸፍን፣ በሚድሮክ ሥር ያለው ኢትዮ አግሪ ሴፍት የያዘው፣ ከከፋው ውሽውሽ ጋር የአገሪቱን ሻይ በዋነኛነት ሲያመርት የኖረ እርሻ ነው። ለሻይ ተክል እንዲህ ያለ ክረምት የሚመኙት ነው። ለሻይ ፋብሪካ ግን ከባድ ጊዜ ነው። ሻይ ማምረት በአብዛኛው ከቅጠል ውስጥ ውሃ ማውጣት ነውና፤ በክረምት ደግሞ ቅጠሉም አየሩም ውሃ ጠግበዋል።

የምህንድስና ተማሪዎች ከግቢ ወጥተው ለተግባር ልምምድ ወደ ፋብሪካ ከሚሄዱባቸው ወቅቶች አንዱም ይኸው ክረምት ነው። ይህ ምዕራፍ ስለ እነሱ ነው፤ ይበልጡንም ስለሚቀበላቸው ፋብሪካ። ልምምድ ሳይሳካ ሲቀር ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው በተማሪው ላይ ነው። «የዛሬ ልጆች ብሎን እንኳ መፍታት አያውቁም» ይባላል። እኔ የማምነው ሌላ ነው። የልምምዱ ዕጣ የሚወሰነው ተማሪው የፋብሪካው በር ላይ ከመድረሱ በፊት ነው። ፋብሪካው የራሱ የሆነ፣ መልሱን ከልቡ የሚፈልገው አንድ ጥያቄ አዘጋጅቶ ከቆየው ልጁ ይማራል፣ ፋብሪካውም ይጠቀማል። ጥያቄ ከሌለ ግን ጎበዙም ሰነፉም ተማሪ እኩል ግድግዳ ተደግፈው ይውላሉ።

ጥያቄ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በዚያው በሻይ ላሳይ።

ከማሳ የተቀጠፈው ለጋ ቅጠል፣ ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ፣ ፋብሪካ ሲደርስ መጀመሪያ ይጠወልጋል። ረጅም፣ ከሥሩ ወንፊት ባለው ገንዳ ላይ ተዘርግቶ በትልቅ ማራገቢያ ከታች አየር ይነፋበታል። ይህ ሥራ ከአስር ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በሲቲሲ ዘዴ ለሚሠራ ሻይ፣ ጥርስ ወዳላቸው ጥንድ ሲሊንደሮች ይገባል። አንደኛው ሲሊንደር ከሌላው አስር ጊዜ ያህል ፈጥኖ ስለሚሽከረከር ቅጠሉ ይጨፈለቃል፣ ይበጣጠሳል፣ ይጠቀለላል። የተፈጨው ቅጠል አየር አግኝቶ ሲብላላ አረንጓዴው ወደ መዳብ ቀለም ይለወጣል። በመጨረሻ ማድረቂያ ውስጥ ገብቶ በሞቀ አየር ይደርቃል፣ ይበጠራል፣ በየመጠኑ ይለያል።

አሁን ሂሳቡን እንያዘው። ከገባው 100 ኪሎ ቅጠል 78ቱ ኪሎ ውሃ ነው እንበል፤ ደረቁ ነገር 22 ኪሎ ነው ማለት ነው። ቅጠሉ እርጥበቱ 70 በመቶ እስኪሆን ከጠወለገ ክብደቱ ወደ 73 ኪሎ ይወርዳል። ማድረቂያው እርጥበቱን 3 በመቶ አድርሶ ሲያወጣው 22.7 ኪሎ ሻይ ይቀራል። ስለዚህ ማድረቂያው ያወጣው ውሃ ወደ 50.6 ኪሎ ገደማ ነው። አሁን ደግሞ ዝናብ በዋለበት ቀን ቅጠሉ በደንብ ሳይጠወልግ፣ 74 በመቶ ላይ እያለ ወደ ማሽኑ ገባ እንበል። ክብደቱ 84.6 ኪሎ ነው፤ ማድረቂያው ሊያወጣ የሚገባው ውሃ ወደ 61.9 ኪሎ ያድጋል። በእርጥበት ንባብ ላይ አራት ነጥብ ብቻ የሚመስለው ልዩነት ማድረቂያው ላይ 22 በመቶ ተጨማሪ ሥራ ሆኖ ይወጣል። ያ ተጨማሪ ሥራ ደግሞ ቦይለሩ የሚበላው ማገዶ ነው፤ ማድረቂያው ሲጨናነቅም ወረፋ የሚጠብቀው ቅጠል ከሚገባው በላይ ይብላላል፣ ጣዕሙም ይበላሻል።

እንግዲህ ጥያቄው፦ በዝናብ ቀን ማጠውለጊያው ላይ የሚነፋውን አየር በትንሹ ማሞቅ ይሻላል ወይስ ማድረቂያው ላይ ብዙ እንፋሎት መጠቀም? መልሱ ከመጽሐፍ አይገኝም። በ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እርጥበት የጠገበ አየር ምንም ውሃ አይቀበልም። ያው አየር ወደ 23 ዲግሪ ቢሞቅ ግን አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 73 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ከቅጠሉ ውሃ መጠጣት ይጀምራል። ይህን ቴርሞዳይናሚክስ የተማረ ሁሉ ወረቀት ላይ ያሰላዋል። የዚያ ፋብሪካ ማራገቢያ ምን ያህል አየር ይገፋል? ገንዳው ላይ ቅጠሉ ምን ያህል ተከምሯል? የእንፋሎት ቱቦው እስከዚያ ድረስ ምን ያህል ሙቀት ያባክናል? እነዚህን የሚያውቅ የለም፤ የሚለካ ሰው እስኪመጣ ድረስ። የሚለካውም በክረምት ነው። በጥር ቢመጣ ችግሩን አያገኘውም።

መሣሪያው ውድ አይደለም። ሚዛን፣ ሁለት ቴርሞሜትር (የአንዱ ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ)፣ ናሙና የምታደርቅ ትንሽ ምድጃ፣ ደብተር። ተማሪው በየሁለት ሰዓቱ ከየገንዳው ናሙና እያነሳ ይመዝናል፣ ያደርቃል፣ እንደገና ይመዝናል፤ የሌሊት ፈረቃም አብሮ ያድራል። ሁለት ሳምንት ይህን ካደረገ ፋብሪካው ኖሮት የማያውቅ ሠንጠረዥ ይኖረዋል።

እዚህ ላይ ሳልነካው የማላልፈው ነገር አለ። በብዙ ሻይ አምራች አገሮች ቀጣፊዎች የሚከፈላቸው በለቀሙት ኪሎ ነው፤ በዝናብ ቀን ደግሞ ለቅጠሉ ላይ ውሃ ተብሎ ከሚዛኑ ተቀናሽ ማድረግ የተለመደ ነው። ምን ያህል ይቀነስ? በግምት የሚቀነስ ከሆነ ወይ ፋብሪካው ይጎዳል ወይ ቀጣፊዋ፤ ብዙ ጊዜ የምትጎዳው ድምፅ የሌላት ናት። ትክክለኛውን ተቀናሽ ለክቶ ማግኘት ግን የአንድ ተማሪ የሳምንት ሥራ ነው። አንድ ኪሎ እርጥብ ቅጠል በጨርቅ ከረጢት አስገብቶ ላዩ ላይ ያለው ውሃ እስኪረግፍ ማሽከርከር፣ እንደገና መመዘን፣ በካፊያ ቀንና በዶፍ ቀን ለይቶ መመዝገብ። ውጤቱ በሚዛኑ ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ክርክር ይቀንሳል። ምህንድስና ከሰው ኑሮ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ለሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ፋብሪካንና ክፍልን የማገናኘት ሐሳብ መቶ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1906 ኸርማን ሽናይደር የሚባል የምህንድስና መምህር በአሜሪካ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ 27 ተማሪዎችን ይዞ አንድ ሙከራ ጀመረ። ተማሪዎቹ በሁለት ቡድን ተከፍለው አንደኛው ሳምንቱን ክፍል ሲማር ሌላው ፋብሪካ ይውላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀያየራሉ። ሽናይደር ቀደም ሲል ያስተማረው በብረት ፋብሪካዎች አቅራቢያ ባለው በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ በሥራቸው የተዋጣላቸው ምሩቃን እየተማሩ የሠሩት መሆናቸውን ያስተዋለው እዚያ ነው። ከዕቅዱ ሁሉ ልብ የሚባለው ግን የተማሪዎቹ መቀያየር አይደለም። አስተባባሪ የሚባሉ ሰዎችን መመደቡ ነው። አስተባባሪው ተማሪውን ፋብሪካ ድረስ ሄዶ ያየዋል፣ ሲሠራ ያገኘውን ማሽን ይመዘግባል፣ ክፍል ሲመለስ ያንኑ ማሽን እያነሳ ያስተምረዋል። እኛ ከዚህ ሐሳብ የወሰድነው ልኮ መርሳቱን እንዳይሆን እሰጋለሁ።

በአገራችንም ተማሪን ከግቢ አውጥቶ ወደ ሕዝቡ የመላክ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር፤ አብዛኞቹ በመምህርነት ነው የዘመቱት። ለምህንድስና ግን ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ፣ ከጀርመን ጋር በመተባበር በተካሄደው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ዘመን ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ሲከለስ ልምምድ እንደ ማንኛውም ኮርስ ነጥብ የሚያዝበት ሆነ፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተሰጠው። ከዚያው ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ መቱ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ኢሉባቦርም ከአዲስ አበባ ተልኮ የሚመጣ መሐንዲስ መጠበቁን ትቶ የራሱን ማስተማር ጀመረ።

ነገሩ በወረቀት እንዲህ ያምራል። ሲሠራ የምናየውን ደግሞ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ተማሪው ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይሰጠዋል፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል፣ ማኅተም ያለበት። ያንን ይዞ ፋብሪካ ፋብሪካ ይዞራል። ዘመድ ያለው ቶሎ ያገኛል። ዘመድ የሌለው ጥበቃው ጋ ደብዳቤውን ትቶ «ነገ ተመለስ» ይባላል። የመቱ ተማሪ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለበት፤ በአካባቢው ያለው ፋብሪካ ጥቂት ስለሆነ ብዙዎች ወደ ጅማ ወይም 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። እዚያም የሁሉም ዩኒቨርሲቲ ልጆች ይገናኛሉ። አንድ የጥገና ኃላፊ በአንድ ጊዜ ደርዘን ተማሪ ሲሰጠው የሚያደርገው ይጠፋዋል፤ ያስጎበኛቸዋል፣ ከዚያ «አንብቡ» ይላቸዋል። የተማሪውን የየዕለት መዝገብ፣ ሎግ ቡኩን፣ ገልጦ ማየት ነው። ሰኞ «ቦይለር ክፍልን ጎበኘን»፣ ማክሰኞ «ስለ ቦይለር ገለጻ ተደረገልን»፣ ረቡዕ «የቦይለሩን አሠራር ተመለከትን»። በመጨረሻው ሳምንት ማኅተም ይደረጋል፣ ጥሩ ውጤት ይሞላል። ማንም አልዋሸም፤ ማንም ግን አልተማረም።

ከዚህ የሚወጣው ፋብሪካው ቁጥሩን ሲወስን ነው። ሃያ ተማሪ ተቀብሎ ሁሉንም ከማሰልቸት ሦስት ተቀብሎ ሦስቱንም ማሠራት ይበልጣል። ለሦስት ተማሪ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ጥያቄዎቹም ከሰማይ አይወርዱም። የጥገና ክፍሉ የብልሽት መዝገብ ውስጥ ናቸው። በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የቆመው ማሽን የትኛው ነው? በየትኛው ክፍል ነው መለዋወጫ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው? የመብራት ክፍያው ያለ ምክንያት የጨመረው በየትኛው ወር ነው? ኃላፊው ራሱ «ጊዜ ባገኝ ይህን አጣራው ነበር» የሚለው ነገር ምንጊዜም አለ። ለተለማማጅ የሚሰጠው እሱ ነው። ሦስት መመዘኛ ግን ማለፍ አለበት፤ በስድስት ወይም በስምንት ሳምንት የሚያልቅ፣ በመለካት የሚመለስ፣ ቢሳሳት ምርት የማያቆም። ፋብሪካው ዛሬ በአስቸኳይ የሚፈልገውን ሥራ ለተማሪ መስጠት ልጁን ማስጨነቅና ፋብሪካውን ማክሰር ነው።

ቀጥሎ ሰው ነው። «የቴክኒክ ክፍሉ ይከታተላቸዋል» የሚል ደብዳቤ ማንንም አያስይዝም። በስሙ የሚጠራ አንድ ሰው፣ በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ለግማሽ ሰዓት ከተማሪው ጋር ቁጭ የሚል ሰው መመደብ አለበት፤ ይህም ከሥራ ድርሻው ተቆጥሮለት። አለበለዚያ ልጁን ማስተማር ለሰውየው ቅጣት ይሆናል።

ያ ሰው የግድ ዲግሪ ያለው መሆን የለበትም። በየፋብሪካው ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠሩ መካኒኮች አሉ። ኩሽኔታ ሊበላ ሲል ከድምፁ ያውቁታል፤ መፍቻውን በሞተሩ ገላ ላይ አስደግፈው ጆሯቸውን ጫፉ ላይ ሲያሳርፉ አይታችሁ ይሆናል። የሲቲሲ ሲሊንደር ጥርሱ ሲደንዝ ከተፈጨው ቅጠል ይረዳሉ፤ በጣታቸው ቆንጥረው አሽተው «ይህማ ቶርኖ ላይ መግባት አለበት» ይላሉ። ይህን እውቀት ማንም ጽፎት አያውቅም። ጡረታ ሲወጡ ይዘውት ይሄዳሉ። ተማሪው በበኩሉ የንዝረትን ቀመር ያውቃል እንጂ የሚንቀጠቀጥ ሞተር ላይ እጁን ጭኖ አያውቅም። ሁለቱን ማገናኘት ነው የልምምዱ ትልቁ ሥራ።

መገናኘቱ ግን ወግ ይፈልጋል። ተማሪው በመጀመሪያው ቀን «ይሄ የሚሠራው እንዲህ ነው፣ እኛ እንደተማርነው» ብሎ ከጀመረ መካኒኩ አፉን ይዘጋል፤ ልክም ነው። «ጋሼ፣ እንዴት አወቁት?» ያለ ልጅ ግን ብዙ ያገኛል። በጎሬና በመቱ አካባቢ ደግሞ የሥራው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ከሌላ ክልል የመጣ ተማሪ ትልልቆቹን «ኦቦ» ብሎ መጥራት፣ የመሣሪያዎቹንና የማሽን ክፍሎችን ስም በሠራተኛው አፍ እንደሚጠሩ መመዝገብ በመጀመሪያው ሳምንት ሊያደርገው የሚገባ ነው። ፋብሪካውም ለመካኒኩ ክብሩን ሊጠብቅለት ይገባል። በተማሪው ሪፖርት መጀመሪያ ገጽ ላይ ያስተማረው መካኒክ ስም ይጻፍ። ይህ ምስጋና ብቻ አይደለም፤ እውቀቱ ከየት እንደመጣ ማስመዝገብም ነው።

ደኅንነትን በሁለት መስመር ማለፍ የተለመደ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ። በፋብሪካ ውስጥ ተለማማጅ ከሁሉም ሰው በላይ ለአደጋ የተጋለጠ ነው፤ የማወቅ ጉጉት አለው፣ የማሽኑን ጠባይ አያውቅም፣ «አልገባኝም» ማለት ያፍራል። ሁለት ሲሊንደር ወደ ውስጥ ሲሽከረከሩ ጣት አይተርፍም፤ የቱታ እጅጌ ወይም የተለቀቀ ፀጉር በቺንጋ ሲያዝም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ጉብኝት መሆን የለበትም። ቁጭ ብሎ መማር ነው፤ ማሽን ሲጠገን ማብሪያው በቁልፍ ይቆለፋል፣ ቁልፉም የሚጠግነው ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ከእሱ በቀር ማንም አይከፍተውም። ቦይለር ክፍል የሚገባው ከኦፕሬተሩ ጋር ብቻ ነው። ቱታ፣ የደኅንነት ጫማና ጓንት የሚያቀርበው ፋብሪካው ነው፤ በሸራ ጫማ የመጣ ልጅ ጥፋተኛ አይደለም፣ ያስገባው ነው ጥፋተኛው። ለሥራው ቱታ የማይገኝለት ተማሪ አይጠራ።

ገንዘብም አለ። ብዙ ተማሪዎች የሚለማመዱት ያለ ክፍያ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ ምሳና ትራንስፖርት ከቤተሰብ ይወጣል። ገበሬ አባት ያለው ልጅ አዲስ አበባ ሁለት ወር መኖር የሚችለው ወንድም ወይም አክስት ካለው ነው። ፋብሪካው ደመወዝ ባይከፍል እንኳ በሠራተኛ ካፌ ምሳ መስጠት፣ በሠራተኛ ሰርቪስ ማመላለስ፣ ካምፕ ካለው አንድ ክፍል መፍቀድ ይችላል። ከከተማ ርቆ ላለ እርሻ ይህ ግዴታው ነው። ሴት ተማሪዎችን በተመለከተ ደግሞ «ለሴት አይመችም» እየተባለ በር ላይ መመለሳቸው ይቁም። የማይመቸው የመኝታ ክፍሉ ከሆነ ክፍሉ ይስተካከል፤ የምሽት ፈረቃው ትራንስፖርት ከሆነ መኪናው ይመደብ። ሻዩን የሚለቅሙት በአብዛኛው ሴቶች በሆኑበት አካባቢ ሴት መሐንዲስን አይመችም ብሎ መመለስ ተገቢ አይደለም።

በዚህ አካባቢ ትልልቅ ፋብሪካ የለም የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። በደሌ ላይ የቢራ ፋብሪካ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሐረር ቢራ ጋር ከመንግሥት እጅ ወደ ሄኒከን የተዛወረው። ለቢራ ፋብሪካ የተለማማጅ ጥያቄ ከውሃ ይጀምራል። አንድ ሊትር ቢራ ለማውጣት ብዙ ሊትር ውሃ ይወጣል፤ በዓለም ላይ ቀልጣፋ የሚባሉት ወደ 3 ሊትር አካባቢ አውርደውታል። ጠርሙስ ማጠቢያው ምን ያህል ይበላል፣ ታንክ ሲታጠብ ምን ያህል ይፈሳል ብሎ ክፍል በክፍል ቆጣሪ እያነበቡ መመዝገብ ለሁለት ተማሪ ይበቃል። ለኤሌክትሪክ ተማሪዎችም በመቱ አቅራቢያ በሶር ወንዝ ላይ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ አለ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ትንሽነቱ ለተማሪ ጥቅሙ ነው፤ ከውሃው መግቢያ እስከ ማከፋፈያው ድረስ ያለውን ሁሉ በእግር ሄዶ ማየት ይቻላል። ያዩ ላይ የታሰበው የማዳበሪያ ፋብሪካ ቢጠናቀቅ ኖሮ ለስንቱ ተማሪ ትምህርት ቤት በሆነ ነበር፤ ሳይጠናቀቅ መቅረቱ ያሳዝናል።

በጣም የተዘነጋው ግን የእሸት ቡና ማጠቢያው ነው። በኢሉባቦር ገጠር ውስጥ የማኅበራትና የግለሰቦች መፈልፈያ ማሽኖች ተበታትነው አሉ። በለቀማ ወቅት፣ ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ፣ ሌት ተቀን ይሠራሉ፤ ያኔ ማንም ለተማሪ ጊዜ የለውም። በክረምት ግን ቆመዋል። ይህ ለልምምድ የተሰጠ ጊዜ ነው። መፈልፈያው ሲፈታ ውስጡ ይታያል፤ የቡናውን ቀይ ገለባ የሚልጠው ሻካራ ገጽታ ምን ያህል አልቋል፣ በእሱና ፊት ለፊቱ በተገጠመው መቃኛ ሰሌዳ መካከል ያለው ክፍተት ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው ወይ፣ ዘንጉ ተጣሟል ወይ። ክፍተቱ ከጠበበ ፍሬው ይቆረጣል፣ የተቆረጠውም ሲብላላ ጠረኑን ያበላሻል፤ ከሰፋ ሳይላጥ ያልፋል። አንድ የሜካኒካል ተማሪ በሐምሌ አንድ ማሽን ፈትቶ፣ እያንዳንዱን ክፍል ለክቶ፣ የሚያልቁትን ክፍሎች ንድፍ ስሎ ቢያስረክብ ማኅበሩ በኅዳር ሌሊት ማሽን ሲሰበርበት ንድፉን ይዞ ቶርኖ ቤት ይሮጣል። ያለ ንድፍ ግን የተሰበረውን ቁራጭ በፌስታል ይዞ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል፤ በዚያ መካከል የተለቀመው እሸት ይበላሻል።

ጎሬ ክረምትን እንደ ሥራ ወቅት ማየቷ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 የተፈረመው የአፄ ምኒልክና የእንግሊዝ ውል በባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ ከፈቀደ በኋላ ጋምቤላ ተቆረቆረች። ከሱዳን የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች እስከዚያ መድረስ የሚችሉት ግን ባሮ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነበር። በበጋ በበቅሎ የወረደው የጎሬ ቡናም የሚጫነው በዚያን ጊዜ ነው። ነጋዴው ክረምት ሲገባ ቤቱ አይቀመጥም ነበር፤ ሁሉን አዘጋጅቶ መርከቡን ይጠብቃል። ፋብሪካም ተለማማጁን እንዲሁ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

ወደ ተማሪው ልመለስ። ልምምዱ ሲያልቅ ዩኒቨርሲቲው ሪፖርት ይቀበላል፣ ተማሪውን ለፈተና ያቀርባል፣ ነጥብ ይሰጣል። ፋብሪካው ግን ምን ይደርሰዋል? ብዙ ጊዜ ምንም። ሪፖርቱ ግቢ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ይህ መስተካከል ያለበት ነው፤ የመጀመሪያው አቀራረብ ፋብሪካው ውስጥ መሆን አለበት፤ በሠራተኛው ቋንቋ፣ ማሽኑ ፊት ቆሞ፣ የፈረቃ ኃላፊዎችና መካኒኮች ባሉበት። አስራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። «የእናንተ ማድረቂያ በዝናብ ቀን ይህን ያህል ተጨማሪ ውሃ ያወጣል፤ የለካሁት እንዲህ ነው፤ ይሞከር የምለው ይህን ነው» ሲል ከመካኒኮቹ የሚነሳው ጥያቄ ከማንኛውም ፈታኝ ይከብዳል። ከዚያ ፋብሪካው ሐሳቡን ይሞክራል ወይም አይሞክርም፤ ካልሞከረ ምክንያቱን ለተማሪው ይንገረው። መለኪያዎቹ ሁሉ የተጻፉበት ደብተር ደግሞ በጥገና ክፍሉ ይቀራል። በሚቀጥለው ክረምት የሚመጣው ልጅ ከዚያ ገጽ ይቀጥላል። ሦስት አራት ክረምት እንዲህ የተሠራበት ፋብሪካ ስለ ራሱ ማሽኖች የሚያውቀው ነገር ከውጭ በብዙ ገንዘብ ከሚመጣ አማካሪ ያላነሰ ይሆናል፤ ከተማሪዎቹም መካከል የሚቀጥረውን ሰው ሁለት ወር ሲሠራ አይቶ ያውቀዋል።

ከዩኒቨርሲቲው በኩል የሚጠበቀው ዋና ነገር አንድ ነው፤ አማካሪ መምህሩ ቢያንስ አንድ ጊዜ ፋብሪካው ድረስ ሄዶ ልጁን በሥራ ላይ ይይ። በስልክ «እንዴት ነው?» ማለት ክትትል አይደለም። ከመቱ ጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ የመኪናና የአበል በጀት የማይይዝ የትምህርት ክፍል ልምምዱን እንደ ኮርስ አልቆጠረውም ማለት ነው። መምህሩ ራሱም ይጠቀማል፤ ብዙ ወጣት መምህራን ተመርቀው ቀጥታ ወደ ማስተማር የገቡ ስለሆኑ ፋብሪካን የሚያውቁት እንደ ተማሪዎቻቸው በጉብኝት ብቻ ነው።

እስካሁን ደብዳቤ የሚጽፈው ዩኒቨርሲቲው፣ የሚለምነው ተማሪው፣ የሚፈቅደው ፋብሪካው ነበር። በኢሉባቦርና በቡኖ በደሌ ያላችሁ የፋብሪካ፣ የእርሻ ልማትና የቡና ማኅበር ኃላፊዎች ይህን ልማድ ብትገለብጡት ጥሩ ነው። ሚያዝያ ላይ ከጥገና ኃላፊያችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የብልሽት መዝገቡን ግለጡ። ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ ምረጡ፤ ለእያንዳንዱ የሚከታተለውን ሰው ስም፣ የሚፈለገውን የትምህርት ዘርፍ፣ የምትሰጡትን ምሳና መኝታ ጻፉ። ከዚያ ደብዳቤውን ለመቱ ዩኒቨርሲቲ እናንተ ላኩት፤ ግንቦት ሳያልቅ፣ ተማሪዎቹ በየፊናቸው ከመበተናቸው በፊት።